ኤ የሚዘንብበት ኮርስ ወይስ የሚያስፈራው መምህር?

«ጋሼ፣ የባዮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለአራተኛ ዓመት ሁለት ኢሌክቲቭ እንድንመርጥ ስድስት ኮርሶች ተለጥፈዋል፤ ኢንቶሞሎጂ፣ ፊሸሪስና አኳካልቸር፣ ኢትኖቦታኒ፣ ኢንዱስትሪያል ማይክሮባዮሎጂ፣ ባዮኢንፎርማቲክስ እና ዋይልድላይፍ ኢኮሎጂ። ጓደኞቼ በሙሉ ኢትኖቦታኒ ሊገቡ ነው፤ መምህሩ ኤ ያዘንባሉ ይባላል። እኔ ነፍሳት ደስ ይሉኛል፤ ግን የኢንቶሞሎጂው መምህር ባለፈው ባች ለግማሹ ክፍል ሲ ሰጥተዋል እየተባለ ሁሉም ይሸሻቸዋል። ዶክተሩ የወባ ትንኝ ምርምር ላይ ስለሆኑ ከግቢ ይልቅ ፊልድ ነው የሚገኙት። አባቴ ‹ሆስፒታል የሚያስገባሽን ያዢ› ይሉኛል። ባዮኢንፎርማቲክስ ዘመናዊ ስለሆነ ለውጭ ስኮላርሺፕ ይጠቅማል የሚሉም አሉ። ጂ.ፒ.ኤዬ 3.20 ነው፤ እንዲወርድብኝ አልፈልግም። የተሰጠን ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከስምጥ ሸለቆ»

ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ያስፈራሽን ነገር በቁጥር እንየው። በሦስተኛ ዓመት መጨረሻ 100 ክሬዲት ያህል ጨርሰሻል ብለን እንነሳ። 100 በ3.20 ሲባዛ 320 ነጥብ በእጅሽ አለ ማለት ነው። ሁለቱ ኢሌክቲቮች ባለ 3 ክሬዲት ከሆኑና በሁለቱም ኤ ካመጣሽ 24 ነጥብ ይጨመርና 344 ለ106 ይካፈላል፤ 3.25 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ይወጣል። በሁለቱም ቢ ካመጣሽ 3.19 ይሆናል። አሁን የሚያስፈራሽን እናስገባ፤ ከኃይለኛው መምህር ሲ፣ ከሌላው ኤ ብታገኚ ያው 3.19 ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ይህ ነው። ጂ.ፒ.ኤሽ 2.05 ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር እሰጥሽ ነበር፤ ለመመረቅ 2.00 ያስፈልጋልና እዚያ ጠርዝ ላይ የቆመ ተማሪ ቀላሉን ኮርስ ቢይዝ አልፈርድበትም። አንቺ ግን እዚያ አካባቢ የለሽም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ ፈተናውን ማለፍ አለበት፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ሁላችሁም በጋራ ከምትወስዷቸው ዋና ዋና ኮርሶች ስለሆነ፣ ኢሌክቲቭ ላይ ያጠናሽው በቀጥታ አይጠየቅም። ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው ኢሌክቲቭን በቀላሉ አሳልፎ ለኤግዚት ማንበብ ነው» የሚሉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። የመውጫ ፈተናው በአገሪቱ ካሉት የባዮሎጂ ተመራቂዎች ጋር እኩል ያደርግሻል፤ ከእነሱ የሚለይሽ ነገር ግን ከዚያ አይመጣም። ኮርሶችሽን በሙሉ ሌላ ሰው ነው የመረጠልሽ። አንቺ የምትመርጫቸው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው።

የአባትሽን ነገር ቀድሜ ልጨርሰው። ስለ አንቺ ማሰባቸው ደግ ነው፤ ነገር ግን ከተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ሆስፒታል የሚያስገባ ኮርስ የለም። ሜዲካል ፓራሲቶሎጂ የሚባል ኢሌክቲቭ ቢለጠፍ እንኳ አያስገባም ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የታማሚ ደምና ሰገራ የሚመረምረው በሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ተመርቆ የሙያ ፈቃድ ያወጣ ሰው ነው፤ የባዮሎጂ ዲግሪ ላይ አንድ የጤና ስም ያለው ኮርስ መለጠፍ ያንን አይተካም። ይህን ለአባትሽ ቁርጡን ንገሪያቸው፤ ተመርቀሽ ከሚደነግጡ ዛሬ ቢያውቁት ይሻላል። በጎን ደግሞ ይህን ጨምሪላቸው፦ ጤና ማለት ሆስፒታል ብቻ አይደለም። አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እነዚህ ቤቶች ውስጥ የባዮሎጂ ሰው ቦታ አለው። በተለይ በአንድ በኩል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ጓደኞችሽ ስለሚገቡበት ኢትኖቦታኒ፤ ሕዝብ ዕፅዋትን እንዴት እንደሚጠቀምባቸው ስለሚያጠናው ትምህርት። ትምህርቱን አልንቀውም። እንዲያውም ጓደኞችሽ የሚያስቡትን ያህል ቀላል ቢሆን ይገርመኛል። በደንብ የተሰጠ ኢትኖቦታኒ ከባድ ነው፤ አዋቂዎችን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ተክሉን ከነአበባው ቆርጦ መጫን፣ ማድረቅ፣ ቁጥር ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ የት ቦታ፣ በስንት ሜትር ከፍታ እንደተገኘ መጻፍ፣ ከዚያም የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የሚባሉትን መጻሕፍት ገልጦ ዝርያውን መለየት አለው። እነዚያ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተለፋባቸው ናቸው፤ የተመሠረቱበት ናሙናም አዲስ አበባ የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ በሆነው ብሔራዊ ሄርባሪየም ተደርድሮ ይገኛል። ናሙና ያልያዘ የኢትኖቦታኒ ጥናት ደግሞ ሊረጋገጥ አይችልም። አንዱ አገር የምች መድኃኒት ብሎ ዳማከሴን ያሳይሻል፣ ሌላው ሌላ ቅጠል ይሰጥሻል፤ በስም ብቻ የተጻፈ ዝርዝር ምኑ ይታመናል?

ስለዚህ የምትጠይቂው «ኮርሱ ጥሩ ነው ወይ?» ብለሽ አይደለም። እናንተ ግቢ ውስጥ እንዴት ነው የሚሰጠው? ባለፈው ባች ስንት ተክል ተጭኖ ደረቀ? ወይስ በቡድን ተከፋፍላችሁ ሠላሳ የመድኃኒት ተክል ስም ከኢንተርኔት ለቅማችሁ፣ ተጠርዞ ገብቶ፣ ኤ ተሰጠ? የኋለኛው ከሆነ ኤው የሚዘንበው ለዚህ ነው። ከዚያ ኮርስ ይዘሽው የምትወጪው ነገር የለም።

አክሊሉ ለማን ካነሳሁ አይቀር፤ የእንዶድን ታሪክ በትምህርት ቤት ሰምተሽዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በኩል፣ አክሊሉ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩ፤ ከዚያ ነው እንዶድ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የታወቀው። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው የባህል መድኃኒትን ለማወደስ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። እንዶዱን ያስተዋሉት ዕፅዋት ሊለቅሙ የሄዱ ሰው አልነበሩም። ተውሳክ የሚያጠኑ፣ ወንዝ ዳር ወርደው ቀንድ አውጣ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። የሚቆጥሩት ነገር ስለነበራቸው የቁጥሩን መለየት አዩ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ቀንድ አውጣ ሃንድአውት ያነበበ ሰው ይህን አያይም። ኢሌክቲቭ ስትመርጪ ከኮርሱ ስም በፊት እንድታዪው የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ በእጅሽ ምን ትሠሪበታለሽ?

አሁን ወደ ነፍሳቱ። «ነፍሳት ደስ ይሉኛል» ብለሽ በአንድ ሐረግ አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልሄድበት ነው።

አገራችን ውስጥ ወባ የሚያስተላልፈው ዋናው ትንኝ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ነው፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ፀሐይ በሚያገኘው ትንንሽ ኩሬ ውስጥ ይራባል። የወባ ወቅታችን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁሉም የቁጥጥር ሥራ በዚህ ትንኝ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል ሌላ ትንኝ መጣ። አገሩ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየ፤ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። ይህኛው የከተማ ትንኝ ነው። ኩሬ አይጠብቅም፤ የውኃ ታንከር፣ በርሜል፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃዋል። ስለዚህ ክረምት በጋ አይልም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ተመራማሪዎች ከስቴፈንሲ ጋር አያይዘውታል፤ ጥናቱ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ግቢ ነበር። አንቺም ዶርም ውስጥ ነው የምትኖሪው። ውኃ ሲጠፋ በባልዲና በጀሪካን የምታጠራቅሙትን አስቢው።

ለአንቺ ጉዳይ ዋናው ከዚህ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና በአፍሪካ የአኖፊለስ ትንኞችን ለመለየት ለዓመታት ሁሉም የሚጠቀምበት መለያ ቁልፍ፣ ማለትም የትንኙን ምልክቶች ደረጃ በደረጃ እያዩ ዝርያውን የሚለዩበት መመሪያ፣ ስቴፈንሲን አያካትትም ነበር፤ ትንኙ ያኔ ከሰሐራ በታች አልነበረማ። የታደሰው ቁልፍ የወጣው በ2020 ነው። በመሃል ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎንብሶ «ይህኛው ከማውቃቸው አንዱን አይመስልም» ብሎ የሚጠራጠር ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በኢትዮጵያ ብዙ የለም። በየክልሉ የሚፈለገው እሱ ነው።

ከወባም ወጥተሽ ብታዪ ያው ነው። የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. ገብቶ በቆሎ ላይ ወረደ። በ2012 የበረሃ አንበጣ ሰማዩን ሸፈነ። ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል አለን። ነፍሳትን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በጤናውም በግብርናውም በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ከዝርዝርሽ ውስጥ ይህን ያህል ሁለት ቤት የሚያስገባ ሌላ ኮርስ አይታየኝም። አባትሽም ጤና ነው ያሉት፤ ይኸው ጤና።

ስለ መምህሩ ልንገርሽ። ለግማሹ ክፍል ሲ ሰጡ የሚለው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጠየቅሽው ግን ሲ ካገኙት ነው ወይስ ኤ ካገኙት? ኤ ያገኙትን ፈልጊያቸው። ብዙ ጊዜ ኢንቶሞሎጂ ላይ ነጥብ የሚጥለው የነፍሳት ስብስቡ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ እየሰበሰብሽ፣ በመርፌ እየወጋሽ፣ እየለየሽ የምታስገቢው ሣጥን ማለት ነው። ተማሪው ፈተና ሲደርስ ሦስት ቀን ይሯሯጣል፣ ዶርም መብራት ሥር የወደቀውን ሁሉ ይለቅማል፣ ሌብል አይጽፍም። የት፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ ያልተጻፈበት ነፍሳት ደግሞ ለሳይንስ ምንም ማለት አይደለም፤ መምህሩ ዜሮ ቢሰጡት እኔም አብሬ እፈርማለሁ። አንቺ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከያዝሽ፣ እዚያው ቀን ሌብል ከጻፍሽ፣ ሣጥኑ ውስጥ ጉንዳን እንዳይገባ ናፍታሊን ካኖርሽ፣ ከዚህ ኮርስ ሲ የምታገኚበት ምክንያት አይታየኝም።

ፊልድ ላይ ነው የሚገኙት ያልሽውን ደግሞ እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ቢሯቸው አለመገኘታቸው ያናድድ ይሆናል። ግን ፊልድ ላይ ያለ መምህር መረብ፣ ወጥመድ፣ መኪና፣ አንዳንዴም የሚከፈልበት የመረጃ ሰብሳቢ ሥራ አለው። አራተኛ ዓመት ላይ ሲኒየር ፕሮጀክት ትሠሪያለሽ፤ ዕቃው ያለው መምህር ሥር ከሆንሽ ፕሮጀክትሽ እውነተኛ መረጃ ይኖረዋል። ለማስተርስ ስትወዳደሪ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽም እሱ ነው። «ጎበዝ ተማሪ ነበረች» የሚል ደብዳቤ ሁሉም ይዞ ይመጣል። «የትንኝ እጭ ለቅማ፣ አሳድጋ፣ ለይታ፣ መረጃውን ራሷ ተንትናለች» የሚል ደብዳቤ ግን ጥቂት ሰው ነው ያለው።

ሴት ልጅ ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። የትንኝ ሥራ ሲባል ሌሊት መውጣት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እጭ የሚለቀመው በቀን ነው፤ በርሜልና ኩሬ ላይ ጭልፋ ይዞ መዞር ነው። ወጥመዱም አመሻሽ ላይ ይሰቀልና ጠዋት ይነሳል። ማታ የሚሠራ ነገር ከመጣ በቡድን፣ በተዘጋጀ መኪና ይሁን፤ ካልሆነ አልሄድም ማለት መብትሽ ነው። ይህን ከመመዝገብሽ በፊት መምህሩን በግልጽ ጠይቂያቸው፤ ደህና መምህር በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

ኢንዱስትሪያል ማይክሮባዮሎጂ ለሁለተኛው ቦታ የማስበው ነው። ቢራ ፋብሪካው፣ የለስላሳው፣ የወተቱ፣ የታሸገ ውኃው ሁሉ ኳሊቲ ኮንትሮል የሚባል ክፍል አለው። እዚያ በር ላይ ከፉድ ሳይንስ፣ ከኬሚስትሪና ከኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች ጋር ትጋፊያለሽ፤ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ያንን ግፊያ የምታልፊው ቃለ መጠይቅ ላይ «ፕሌት ካውንት ሠርቼ አውቃለሁ፣ ኮሊፎርም ቆጥሬ አውቃለሁ፣ እርሾ በሜቲሊን ብሉ ቀብቼ የሞተውን ከሕያው ለይቼ አውቃለሁ» ማለት ስትችዪ ነው። የሞተው ሴል ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው ሳይቀባ ይቀራል፤ ማይክሮስኮፕና የመቁጠሪያ ስላይድ ካለ የሚሠራ ነገር ነው። የእንጀራ እርሾና እርጎም ከቤት የሚመጡ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ የፕሮጀክት ዕቃዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያሉት እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ደግሞ ለተማሪ ፕሮጀክት የሚበቁ ናቸው። በተጨማሪ ይህ ኮርስ ከማይክሮባዮሎጂ ጋር ስለሚደጋገፍ ለመውጫ ፈተናውም ሳታስቢው ያዘጋጅሻል። ሁሉም የሚቆመው ግን በአንድ ዕቃ ላይ ነው፤ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ይሠራል? ካልሠራ ተህዋሲያን የሚያድጉበት ሚዲያ አይዘጋጅም፣ ሚዲያ ከሌለ የሚበቅል ነገር የለም፣ ኮርሱም የፋብሪካ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ባዮኢንፎርማቲክስን፣ ማለትም የጂን መረጃን በኮምፒውተር መተንተንን፣ የሚገፉሽ ሰዎች ስለ ትምህርቱ አልተሳሳቱም። የጤፍ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ መረጃው ክፍት ነው፣ ዶርምሽ ቁጭ ብለሽ ልታወርጂው ትችያለሽ። የሚገርመኝ በብዙ ቦታ ይህ ኮርስ የሚሰጠው ያለ ኮምፒውተር ነው። የጂን ቅደም ተከተል የሚያወዳድረውን ብላስት የሚባል ፕሮግራም በሰሌዳ ላይ ሣጥንና ቀስት ሥሎ ማስተማር ዋናን አሸዋ ላይ እንደ ማስተማር ነው። ስለዚህ የኮምፒውተር ክፍሉ ክፍት ከሆነና መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ አስቀምጠው የሚያሠሩ ከሆነ ተመዝገቢ። ካልሆነ ላፕቶፕ ካላት ጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ በክረምት አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጫኑና የራሳችሁን ቁጥር ተንትኑ። ይህን ለመማር መዝገብ ላይ መስፈር አያስፈልግም። ትንኝ ለማሳደግ ግን ኮርስና ላብ ያስፈልግሻል፤ ራስሽን ችለሽ ልትማሪው የማትችዪውን ነው በኢሌክቲቭ መያዝ ያለብሽ። ለስኮላርሺፕ የኮርሱ ስም ይጠቅማል የሚለውን እንዲሁ ተዪው፤ አመልካች ስትሆኚ የሚጠየቀው ምን ሠርተሽ እንደምታውቂ ነው።

ፊሸሪስ ሐይቅ አጠገብ ላለ ተማሪ ጥሩ ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች መመዘን፣ ሆድ ቀድዶ ምን እንደበላ ማየት፣ የውኃውን ኦክስጅን መለካት ይቻላል። ጀልባና መረብ ዲፓርትመንቱ ካለው ከኢንዱስትሪያል ማይክሮባዮሎጂ በላይ ላስቀድመው እችላለሁ። ሁለቱም ውኃ ላይ ስለሆኑ ከኢንቶሞሎጂውም ጋር ይገናኛል። ዋይልድላይፍ ኢኮሎጂን በተመለከተ ግን አልመክርሽም፤ ትምህርቱን ጠልቼ አይደለም፤ ስለ ባሌ ቀይ ቀበሮና ስለ ጓሳው ጭላዳ ማንበብ ደስ ይላል። ፊልድ ያልወጣ የዋይልድላይፍ ኮርስ ግን ስላይድ ማየት ነው፣ የፊልድ በጀት ደግሞ ሁሌም ቀድሞ የሚቆረጠው በጀት ነው።

እንግዲህ የሁለት ሳምንቱን ጊዜ እንዴት ትጠቀሚበት? እስካሁን ወሬ የሰበሰብሽው ከሲኒየሮች ብቻ ነው ማለት ነው፤ እነሱም ኤና ሲ ይነግሩሻል። አንድ ሰው ረስታችኋል፤ የላብ ቴክኒሽያኑ። ምን ሪኤጀንት እንዳለቀ፣ የትኛው ማይክሮስኮፕ መብራቱ እንደተቃጠለ፣ አምና በሴሚስተሩ ውስጥ ስንት ላብ በእውነት እንደተሠራና ስንቱ «በቲዎሪ ተሸፍኗል» ተብሎ እንደታለፈ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከምሳ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሂጂ፣ በአክብሮት ሰላም በይ፣ ስለ ኢንቶሞሎጂ፣ ስለ ኢንዱስትሪያል ማይክሮባዮሎጂና ስለ ፊሸሪስ ጠይቂ። መምህሩ ስለራሳቸው ኮርስ መጥፎ አይናገሩም፤ ቴክኒሽያኑ ግን ጊዜ ከሰጠሽው የስቶሩን ሁኔታ ከነዝርዝሩ ይነግርሻል።

ከዚያ ዶክተሩን አግኚያቸው። ቢሮ ካላገኘሽ ኢሜይል ላኪ፣ አጭር ይሁን፤ «ዶክተር፣ ኢንቶሞሎጂ ለመመዝገብ አስቤያለሁ፤ ሲኒየር ፕሮጀክቴንም በትንኝ እጭ ላይ ለመሥራት ስለምፈልግ ከመመዝገቤ በፊት አሥር ደቂቃ ቢሰጡኝ» የሚል። ሐሳብ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል፦ በሴቶች ዶርሞች ውስጥ ውኃ ከሚጠራቀምባቸው ዕቃዎች ስንቱ እጭ አለበት? ክዳን ያለውና የሌለው ይለያያል? በየሳምንቱ እየዞርሽ የምትቆጥሪው፣ ወጪ የሌለበት፣ በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ጥናት ነው። የተያዘው እጭ አኖፊለስ ይሁን ኪውሌክስ ይሁን ኤደስ ገና አታውቂም፤ ለይቶ ማወቅ የምትማሪውም እዚያው ኮርስ ላይ ነው።

ስለዚህ ኢንቶሞሎጂን ያዢ። ሁለተኛውን ቴክኒሽያኑ አውቶክሌቩ ይሠራል ካለሽ ኢንዱስትሪያል ማይክሮባዮሎጂ አድርጊው፣ ካላለሽ ፊሸሪስ። ሁለቱም ላብ አይሠራባቸውም ካለ ደግሞ ዲፓርትመንት ሄዱን ጠይቂና ከስታቲስቲክስ ዲፓርትመንት አንድ ኮርስ በምትኩ መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነ እዪ፤ የሰበሰብሽውን ቁጥር የምትተነትኚበት ነገር ያስፈልግሻል፣ ባዮስታትስ ላይ የተማራችሁት ብቻውን አይበቃም።

የቀረው ችግር ኢንቶሞሎጂ ላይከፈት መቻሉ ነው። ሁሉም ከሸሸው ዲፓርትመንቱ «ተማሪ አልሞላም» ብሎ ይዘጋውና ሁላችሁንም ኢትኖቦታኒ ውስጥ ይከታችኋል። በዚህ መንገድ የተዘጋ ኢሌክቲቭ ብዙ ነው። ስለዚህ ዝም ብለሽ ፎርም ሞልተሽ አትጠብቂ። ለመክፈት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ዲፓርትመንቱን ጠይቂ፤ የጂ.ፒ.ኤውን ስሌት ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው፣ ከላይ እንዳሠራሁሽ በራሳቸው ቁጥር ያስሉት፤ ግብርና ምርምር ወይም ጤና ቢሮ መግባት የሚያስቡትን ለይተሽ አነጋግሪ። የክላስ ሪፑ ስሞቹን በአንድ ወረቀት ጽፎ ቀነ ገደቡ ሳያልቅ ለሄዱ ይስጥ፤ አንቺም አንድ ኮፒ አስቀሪ። ኮርሱ ሳይከፈት ቢቀር እንኳ አድ ኤንድ ድሮፕ የሚባለው ኮርስ የመቀየሪያ ጊዜ ሳያልቅ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ተመልሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።